በረሃው የቀዘቀዘበት ቅዳሜ

የምሠራው ሚዛን ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ የአየር ትንበያ አነባለሁ። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል። «ሚዛን ዝናብ እንደሚዘንብ ለማወቅ ደግሞ ሬዲዮ ያስፈልጋል?» ይለኛል። እውነት አለው። እኛ ከተማ ልብስ ያጠበች ሴት ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች እንጂ እኔን አትጠብቅም። ነገር ግን ድምፃችን ከከተማው አልፎ ይሄዳል። በአንድ በኩል የሸኮና የቴፒ ቡና አምራች ይሰማናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከቱም ወዲያ ቁልቁል ባለው በረሃ ከብት የሚያረባውም ወርቅ የሚቆፍረውም ይሰማናል። አርብ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቅዳሜና የእሁድን አየር ጠባይ አነብላቸዋለሁ። የምትሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ነች።

ታላቅ ወንድሜ ከወርቅ ቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። አባታችን ሸኮ ላይ የተወልን ቡና በበሽታ ከጫፍ ከጫፉ እየደረቀ ሲያስቸግር፣ ወንድሜ ያረጀውን ጎነደለና «አዲሱ ቅርንጫፍ እስኪያፈራ» ብሎ ወደ በረሃ ወረደ። ቅርንጫፉ አፈራ፤ እሱ ግን በዚያው ለመደ። በጋ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን እየቆፈሩ ወርቅ ይፈልጋሉ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቡናውን የምትጠብቀው እናታችን ናት።

እዚያ ብቻውን የሚቆፍር ሰው የለም። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከላይ ሆኖ አሸዋውን በባልዲ ይስባል፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ከወንድሜ ጋር የሚሠራው ሰው ከቦንጋ በኩል የመጣ፣ አማን ላይ ቤት ሠርቶ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ያስቀመጠ፣ ረጅምና ሳቂታ ሰው ነበር። ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር የጣቢያው በር ላይ ይቆምና «ወይዘሮ ደመና! ዛሬ ደግሞ ምን ልታዘንቢብን ነው?» ይለኛል። ዘበኛው ሳይቀር ይስቅ ነበር።

የሚቆፍሩበት ቦታ ስልክ አይሠራም። መደወል የፈለገ ሰው ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ኮረብታ መውጣት አለበት። ሬዲዮ ግን ይገባል። በባትሪ የምትሠራ ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሥራ አቁመው እንደሚሰሙኝ ወንድሜ ይነግረኝ ነበር። አማርኛ የሚችለው ለማይችለው ይተረጉምለታል። ይህን ሲነግረኝ እኮራ ነበር።

አሁን ስለዚያ ሳምንት ከመናገሬ በፊት ስለ እናቴ ቡና መናገር አለብኝ። ታኅሣሥ ላይ ነው። እናቴ የለቀመችውን እሸት ቡና ከፍ ባለው የሽቦ አልጋ ላይ አስጥታ ታደርቃለች። አንድ አርብ «ቅዳሜና እሁድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ትንበያ መጣልኝና አነበብኩ። እናቴ ልጇ የተናገረችውን አምና ቡናውን ለሁለት ቀን በላስቲክ ሸፈነችው። ዝናብ አልመጣም። ፀሐይ ወጣ፤ ያውም የሚያቃጥል። ቡናው ላስቲኩ ውስጥ አልቦት ሻገተ። እናቴ ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ቤተ ክርስቲያን ለጎረቤቶቿ ግን አውርታለች። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው «የኛን ቡና ያሻገትሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ወንድሜ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለና እየሳቀ፦

«ከእንግዲህ አንቺ ዝናብ ካልሽ እኔ ልብሴን አጥባለሁ» አለኝ።

ሳቅኩ። ግን ውስጤ ገባ። ትንበያውን የማዘጋጀው እኔ አይደለሁም፤ ከሚቲዎሮሎጂ የሚላከውን ነው የማነበው። ሰው ግን የሚያውቀው ድምፄን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው የሚደሰትበትን ነገር ይዤ ብቀርብ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ያ አርብ መጣ።

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነበር። ከወቅቱ ውጪ የሆነ እርጥበት አዘል አየር ወደ ደቡብ ምዕራብ እየገባ መሆኑን፣ ቅዳሜና እሁድ በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ከባድ ዝናብ፣ በቆላው ደግሞ ቀላል ካፊያ እንደሚጠበቅ፣ የበረሃው ሙቀት ከወትሮው በብዙ ቀንሶ ቀዝቃዛ ሆኖ እንደሚሰነብት ይናገራል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «በከፍተኛ ቦታዎች ከሚጠበቀው ዝናብ የተነሣ በቆላማ አካባቢዎች በሚገኙ ደረቅ ወንዞች ድንገተኛ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይመከራል።»

ያን መስመር አይቼዋለሁ። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። ግን «ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይመከራል» የሚል ነገር ክረምት ሙሉ በየሳምንቱ ወረቀቱ ግርጌ ይመጣል፤ ዓይኔ ለምዶታል። እኔን የማረከኝ ሌላው ነበር። በረሃው ሊቀዘቅዝ ነው! ጥር ሊገባ፣ ድንጋዩ በሚግልበት ወቅት፣ ወንድሜ በሸሚዝ ሥር ላቡ ሳይንቆረቆር ሊውል ነው።

በዚያ ቀን ከእኔ በፊት የጠፋ ሰው ማስታወቂያና የአንድ መንፈሳዊ ጉባኤ ጥሪ ስለነበሩ ጊዜው ተጣቦ ነበር። ስቱዲዮ ስገባ የፕሮግራም ኃላፊያችን ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ አንድ ጣቱን አሳየኝ። አንድ ደቂቃ ብቻ ማለቱ ነው። ማይኩ ሲከፈት ከወረቀቱ አልጀመርኩም። ከራሴ አውጥቼ፦

«በቆላ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ዛሬስ የምሥራች ይዤላችሁ መጥቻለሁ! ፀሐዩ ሊያርፍላችሁ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ካፊያ የሚያርከፈክፍበት፣ ለሥራ የሚመች ቅዳሜና እሁድ ይጠብቃችኋል። ደስ ይበላችሁ!» አልኩ።

ከዚያ የሸኮን፣ የቴፒን፣ የሚዛንን አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ኃላፊው እጁን አወረደ፤ ዘፈኑ ገባ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። የምሥራቹን ለመናገር የፈጀሁት ጊዜ ያን መስመር ሁለት ጊዜ ለማንበብ ይበቃ ነበር። ይህን ያሰላሁት ግን በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ቀሰቀሰኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ላይ ደስታ ይሰማል።

«ወንድምሽ ትላንት አመሻሹ ላይ ደወለልኝ» አለች። «ሬዲዮ ላይ ሰምቶሽ እንዴት እንደተደሰተ! ዛሬ ሊመጣ አልነበር? ለነገ አምልኮ አብረን ልንሆን? አሁን ቀረ። አየሩ ከቀዘቀዘማ ሁለቱን ቀን ሳናርፍ እንሠራለን አለኝ። ልጄ፣ በዚያ ሐሩር እንዲያ ከሚለፋ ቀዝቀዝ ሲልለት ቢሠራ ይሻላል ብዬ እኔም እሺ አልኩት።»

«እማዬ፣ የት ነው የሚሠሩት?» አልኳት።

«የት ይሆናል? ወንዙ ውስጥ ነዋ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ቦርሳዬን ፈለግኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። መስመሩ እዚያው አለ። እናቴ ስልኩ ውስጥ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች፤ ዘጋሁባት።

ወደ ወንድሜ ስልክ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። የባልንጀራውንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ነጠላዬን ደርቤ በዝናቡ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት «መብራት የለም» አለኝ። ሌሊት በዘነበው ዝናብ የከተማው መብራት ጠፍቶ ነበር። የፕሮግራም ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ኮት ለብሶ ተቀምጧል።

«ጀነሬተሩን አስነሣልኝ» አልኩት።

«ቤንዚን የለውም። ምን ሆንሽ?»

ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ትላንት ይህን አላነበብሽም?»

«አላነበብኩም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ምንም ሳይጨምር ጀሪካን አንሥቶ ወጣ። ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ፣ ልብሱ ውሃ ሆኖ ሲመለስ አምስት ሰዓት አልፏል። እኔ እስከዚያ ስልክ ላይ ነበርኩ። ቱም ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም አዛውንት ነጋዴ አሉ፤ ከበረሃ የሚወጡት ቆፋሪዎች ስልካቸውን ባትሪ የሚያስሞሉት እሳቸው ዘንድ ነው። ቁጥራቸውን ከእናቴ አገኘሁ።

«አባባ፣ ወንዙ ሊሞላ ነው። ቆፋሪዎቹን የሚያወጣቸው ሰው ይላኩልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ እንኳ እያካፋ ነው እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለም።»

«ዝናቡ ያለው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ውሃው ከዚያ ነው የሚወርደው።»

«ሬዲዮ ላይ የምታወሪው ልጅ ነሽ አይደል? ትላንት የምሥራች ብለሽ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው አባባ። ስለ አላህ ብለው ሰው ይላኩ።»

«ሞተር ያለው የእህቴ ባል አለ፤ እልከዋለሁ» አሉኝ።

ጀነሬተሩ እምቢ ሲል ቆይቶ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ማስጠንቀቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባልደረባዬ በቤንችኛ ደገመችው። «ወንዝ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ አሁኑኑ ውጡ» አልኩ፤ ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። እያነበብኩ ግን ልቤ ያውቀው ነበር። ቅዳሜ በቀትር ማን ሬዲዮ ይከፍታል? አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሌላው ባልዲ ይስባል። ሬዲዮዋ ለባትሪው ተብሎ ተዘግታ ጎጆ ውስጥ ተሰቅላለች።

ከስቱዲዮ ወጥቼ ወደ ቱም የሚሄድ መኪና ፈለግኩ። በዚያ ዝናብ መንገድ የሚገባ አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር፤ ጨውና ሳሙና ጭኗል። ሾፌሩ «ሴት ልጅ በዚህ መንገድ?» አለ። «ወንድሜ እዚያ ነው» ስለው በሩን ከፈተልኝ።

ስለዚያ መንገድ ብዙ አልናገርም። ቀይ ጭቃ ነው። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ወርደን ድንጋይ እናስገባለን፣ እንሳፈራለን፣ ደግሞ እንወርዳለን። ጀሙ ከተማን አለፍን። ቱም ለመድረስ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀረን መኪናው ጎማው እስኪዋጥ ሰጠመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ከእንግዲህ የትም አንሄድም አለ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ከጭቃው ባሻገር፣ ቁልቁል በረሃው በኩል፣ ሰማዩ ላይ ቀለል ያለ ግራጫ ደመና ብቻ ነው የሚታየው። ከኋላችን ተራራው ግን ጨልሟል፤ ይጮኻል። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ውሃው የት እንደደረሰ በሐሳቤ እለካ ነበር። አሁን ገደሉን አለፈ፣ አሁን ሜዳው ላይ ወጣ፣ አሁን አሸዋው ላይ ደረሰ። መጸለይ ፈለግኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «ደስ ይበላችሁ» ያልኩት ነው። ጸሎቱን ተውኩት።

እዚያው መኪናው ውስጥ አድረን ሲነጋ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቱም የደረስኩት እሁድ አራት ሰዓት ላይ በባዶ እግሬ ነው። አዛውንቱ ነጋዴ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ሳልናገር አወቁኝ።

«ሞተረኛው ተመለሰ» አሉኝ። «መንገድ ላይ ያለችው ጅረት ሞልታ አላሳልፍ አለችው። ውሃው ትላንት አሥር ሰዓት ላይ መጣ ይላሉ።»

«ሰዎቹስ?»

«ይወጣሉ። እየወጡ ነው። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ከበረሃው ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰዎቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይመጣሉ። አንዱ ባዶ እጁን ነው፤ አንዱ የተቀደደ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ አንዱ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ እንጃ ባልዲ ይዟል። እያንዳንዱን እይዛለሁ። የወንድሜን መልክ እነግራለሁ። «ከየትኛው ጉድጓድ ነው?» ይሉኛል። አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ የት እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም። አንዱ «የላይኞቹ ተርፈዋል» ይላል፤ ሌላው «የላይኞቹ ናቸው ያለቁት» ይላል። ከመጡት ውስጥ አንድ ሰው ድምፄን ለየው። «አንቺ ነሽ እንዴ?» ብሎ ቆመ። ስድብ ጠበቅኩ። ምንም ሳይል እጄን ጨብጦኝ አለፈ። ከስድቡ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወንድሜ መጣ። ብቻውን ነው። ከሩቅ በአረማመዱ አወቅኩት። ሮጬ ተጠመጠምኩበት። እሱ ግን እጆቹን አላነሣም። እንደ እንጨት ቆሞ ቀረ።

«እሱስ?» አልኩት።

«ጉድጓድ ውስጥ ነበር» አለ።

ነጋዴው ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፤ የሚጠጣ ሰጡት። ጣሳውን እንደያዘ ነገረን። ቅዳሜ ጠዋት ስስ ካፊያ ነበር። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። እንዲያ ባለ አየር ከዚህ በፊት ሠርተው ስለማያውቁ ጉድጓዱን ከሌላው ቀን ይበልጥ ጥልቅ አደረጉት። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ተራው የባልንጀራው ሆነና ገባ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ ባልዲውን ሲስብ ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማ።

«እዚያ መኪና አይገባም» አለ። «መኪና እንደማይገባ እያወቅኩ፣ መኪና ነው ብዬ ሁለተኛ ባልዲ ሳብኩ። ከዚያ ቀና ስል ውሃው በጭራሽ ውሃ አይመስልም፤ ቡናማ ግድግዳ ነው፤ እንጨት ተሸክሟል። ገመዱን ወረወርኩለት። ያዘው። ይዞት ነበር። ሁለት ጊዜ ሳብኩት፣ ራሱ ብቅ አለ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ዳሩ ተናደ።»

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሌላ የጠፋ ሰው የለም ወይ ብለው ሲጠይቁት ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደጠፉ ተናገረ።

በማግሥቱ ውሃው ሲቀንስ ወንድሜና ሌሎች ተመልሰው ወረዱ። ማክሰኞ ከብት ጠባቂዎች ታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የባልንጀራውን አስከሬን እንዳገኙ ነገሯቸው። ወደ አማን ለማምጣት መንገዱም ቀኑም አልፈቀደም። ቱም ላይ ቀበርነው። ሚስቱ መንገድ ስለተዘጋባት ለቀብሩ አልደረሰችም። በስልክ የነገርኳት ወንድሜ አይደለም፤ አልቻለም። የነገርኳት እኔ ነኝ። መሞቱን ብቻ ነገርኳት።

ረቡዕ መኪና ሲገኝ እኔና ወንድሜ ጋቢና ተሳፈርን። ከሾፌሩ ሌላ ሰው የለም። ጀሙ ላይ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«አርብ ስትናገሪ እሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለኝ ወንድሜ። ከቱም ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነው። «‹እህትህ ዛሬስ ገነትን ላከችልን› አለ።»

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብቀር ዕድሜ ልኬን ዝም እንደምል አወቅኩ።

«ወረቀቱ ላይ ጎርፍ ይመጣል የሚል ነበር» አልኩት። «አላነበብኩትም።»

«አላነበብኩትም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጊዜ አልበቃኝም። ዘለልኩት።»

እንዲመታኝ ፈለግኩ። በሩን ከፍቶ ወረደና ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሲመለስ «ዝናብ እኮ ነው፣ ግባ» ብሎ ለመነው፤ አልገባም። እስከ ሚዛን ድረስ በዝናቡ ተቀምጦ መጣ።

አማን ላይ ሐዘንተኛው ተሰብስቧል። ድንኳን ተጥሏል። ወንድሜ ሲገባ ለቅሶው ታደሰ፤ ሚስትየው እግሩ ሥር ወደቀች። እኔ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ፤ ቱም ድረስ በእግርሽ ሄደሽ፣ ጌታ ዋጋሽን ይክፈልሽ ይላሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ሚስትየው ከጓሮ እጇን ስትታጠብ አየኋትና ተነሥቼ ተከተልኳት።

«እህቴ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። ነገርኳት። ስለ ኃላፊው ጣት፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ምሥራቹ፣ ሁሉንም። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት።

«አምጪው» አለች።

ሰጠኋት። አየችው፤ መለሰችልኝ። «ማንበብ አልችልም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ድምፄ ተቆራረጠ። ስጨርስ «እንደገና» አለች። እንደገና አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ቀና። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው።

«ይህን ቢሰማ ኖሮ ይወጣ ነበር» አለች። «ፈሪ ነው። ሰው ሁሉ ደፋር ይመስለዋል፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ውሃ ይፈራል። ይወጣ ነበር።»

ብታጽናናኝ ኖሮ፣ የአምላክ ፈቃድ ነው ብትለኝ ኖሮ፣ የምሸሸግበት ጥላ አገኝ ነበር። አላለችም።

«ሂጂ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ አልጮኸችም። «ልጆቼ ሳያዩሽ ሂጂ።»

ወጣሁ። በድንኳኑ ሳይሆን በጓሮው አጥር በኩል ነው የወጣሁት።

ሥራ ስመለስ ለፕሮግራም ኃላፊው ደብዳቤ ጽፌ ሰጠሁት። የሆነውን ሁሉ በአየር ላይ ልናገርና ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ማንም አልጠየቀን» አለ። «የጠየቀን ቀን እንናገራለን። አንድ ጣት ያሳየሁሽ እኔ ነኝ፤ ብቻሽን አትሸከሚው።» ደግነቱ ይሁን ፍርሃቱ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ማንም አልጠየቀም። የሰማ ሁሉ የሚያስታውሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ያስጠነቀቅኩትን ነው። «አንቺማ ነግረሽን ነበር» ይሉኛል። አንዲት ሴት ገበያ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ባሏ የዚያን ቀን ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ከታችኛው ወንዝ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ስሰማ መደሰት ይገባኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ።

ሁለት ጊዜ ወደ አማን ሄጃለሁ። መጀመሪያ ስሄድ ታላቂቱ ልጅ በሩን ከፍታ «እማዬ የለችም» አለችኝ፤ ከውስጥ የእናቷ ሳል ይሰማል። ሁለተኛው ጊዜ በሩ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤት ስጠይቅ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄደች አሉኝ። ተመልሳ እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም።

ወንድሜ በረሃ አልተመለሰም። ሸኮ እናቴ ጋ ገብቶ ቡናውን ይዟል። እናቴ ምን እንደተፈጠረ ታውቃለች፤ እሱ ነግሯታል። እኔ ስደውል «ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ ስለ ሰፈሩ ትነግረኛለች፣ እሱን ግን አታገናኘኝም። ከበስተኋላዋ የመጥረጊያ ወይም የባልዲ ድምፅ ስሰማ እሱ ነው ብዬ ጆሮዬን እተክላለሁ።

ሚያዝያ ላይ ሳልነግራቸው ሄድኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ወንድሜ ማሳው ውስጥ ያረጁ ቡናዎችን ይጎነድላል። ከስቷል። አየኝና ሥራውን ቀጠለ። እኔም ቦርሳዬን አስቀምጬ የቆረጠውን ቅርንጫፍ እየሰበሰብኩ ዳር መከመር ጀመርኩ። ፀሐዩ ከላያችን ዞሮ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ እንዲያ ሠራን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እከምራለሁ። አንድ ቦታ ላይ የቅርንጫፉ ስንጥር መዳፌን ቀደደው፤ ደሙን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። ማየቱን አይቻለሁ።

ከዚያ መጋዙን አስቀመጠና «ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

«አልበላሁም» አልኩት።

«ቤት ውስጥ ጎደሬ አለ» አለ። ፊቱን አላዞረም። አብረን ልንበላ ይሁን ብቻዬን እንድበላ ይሁን አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ደፍሬ አልጠየቅኩም። ወደ ቤት ገብቼ ጎደሬውን በሁለት ሳህን አቀረብኩ። አንዱን በላሁ። እሱ አልገባም፤ ሌላውን በእንቅብ ከድኜለት፣ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠኝ ወደ ሚዛን ተመለስኩ።